ሲንቄ እና የቫዝሊን ብልቃጥ

አምቦ ውስጥ ሰው የሚከበረው ሲታመም ነው። ጤናው ሞልቶ የኖረ ሰው ደጁን የሚያንኳኳለት ሳያገኝ ዓመታት ያልፉትና፣ አንድ ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ ጋደም ሲል ሰፊው ሕዝብ ፔርሙሱን አንጠልጥሎ ይዘምትበታል። ጠያቂ የበዛለት ታማሚ ትራሱን እንደ ሊቀ መንበር ይደገፋል፤ ጠያቂ ያጣው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። የከተማችን የመደብ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው በመሬትም በቤትም አይደለም፤ አልጋ ራስጌ በተደረደረ የጭማቂ ካርቶን ነው።

ይህን ተጨባጭ ሁኔታ ከሁሉ ቀድማ ተንትና፣ ከትንተናዋም እንጀራ ያወጣችው ሲንቄ ናት። ሱቋ ከአንዱ ሆስፒታል በር ፊት ለፊት ያለች ቆርቆሮ ለበስ ክፍል ናት። ፔርሙስ፣ ፖፖ፣ ሶፍት፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ የታሸገ ጭማቂ ትሸጣለች። ባዶ እጁን ከገጠር የመጣ ዘመድ እዚህ ቆም ብሎ ፍቅሩን ይገዛና ይገባል። ሲንቄ ገዢውን በዓይኗ ትመዝነዋለች።

"ለማን ነው?"

"ለአማቴ።"

"ለአማት በትንሽ ፔርሙስ! ልትጠይቃቸው ነው ወይስ ልታስቀይማቸው?"

ሰውየው ትልቁን ይዞ ይገባል።

ትውልዷ ካቺሲ ነው። ገና በልጅነቷ ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ፣ በ2010 ዓ.ም. ከስደት ተመላሾች ጋር በአውሮፕላን መጣች። ከተማው እስከ ዛሬ "የጅዳዋ" ይላታል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ረጅም እጅጌ ትለብሳለች፤ ለምን ሲሏት "ለምጄው ነው" ትላለች። ከእጅጌው ሥር ግን ግራ ክንዷ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ።

የካውያው ነገር እንዲህ ነው። ጅዳ ሳለች አንድ ቀን ልብስ ስትተኩስ መብራቱ የራቃት መሰላት። ስትነቃ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፣ ካውያው ክንዷ ላይ ነው፣ ማዳሟ በሩ ላይ ቆማ "ጂን! ጂን!" እያለች ትጮኻለች። ሆስፒታል ስትደርስ መጀመሪያ የተጠየቀችው ምን እንደሚያማት አይደለም፤ "ከፊልሽ ማን ነው?" ነው የተባለችው፤ አሠሪሽ፣ ላንቺ የሚጠየቀው ሰው ማለት ነው። ኮሪደር ላይ ጎማ ባለው አልጋ አስተኟት። ሲንቄ የአትክልትና የቅመም ስም በዓረብኛ አንድም አይቀራትም ነበር፤ "ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይበርቃል" የሚለውን ግን በኩሽና ዓረብኛ እንዴት ብለው ይሉታል? አስተርጓሚ የለም። ፊት ለፊቷ በሩ የተከፈተ ክፍል ውስጥ እኩያዋ የሆነች የአገሩ ልጅ ተኝታለች። ልጅቷ በድንገት ስትንፈራገጥ ሲንቄ አየቻት፤ የራሷንም በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ አየችው። ልጅቷ ስትነቃ እናቷ ፀጉሯን ትዳብሳለች፣ አባቷ እግሯን ይዟል፣ አክስቶቿ አበባና ቸኮሌት ይዘው ከበዋታል። ሲንቄ ያላት ኮሪደሩ ነው። አንድ ግብፃዊ ሐኪም አዝኖላት ክኒን ጻፈላት፤ ማዳሟ ግን ልትወስዳት አልተመለሰችም፣ ከኮሪደሩ ወደ መጠለያ፣ ከመጠለያው ወደ አውሮፕላን ሆነ።

እንግዲህ ሲንቄ ከጅዳ ሁለት በሽታ ይዛ ነው የመጣችው። አንደኛው የሚጥል በሽታ፣ ሁለተኛው ቅናት። ለአንደኛው ክኒን አለው።

ክኒኑን በየቀኑ ትውጣለች፤ እሱን ከያዘችም ወዲህ ጥሏት አያውቅም። የምትገዛው አዲስ አበባ ሄዳ፣ የማያውቋት ፋርማሲ ነው፤ አምቦ ላይ እንዲህ ያለ መድኃኒት የገዛ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። የምታስቀምጠው ባለቀ የቫዝሊን ብልቃጥ ውስጥ፣ ከሳሙናው መደርደሪያ ጀርባ ነው። የሚያውቅ ሰው የለም። ተሬፋ በተለይ አያውቅም።

ተሬፋ የአምቡላንስ ሹፌር ነው። ንግግሩ እንደ አሮጌ መኪና ሞተር ቶሎ አይነሳም፤ ከተነሳ ግን መንገድ ላይ አይጥልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሶፍት እየገዛ (አንድ ወንደላጤ ያን ሁሉ ሶፍት ምን ያደርግበታል?) በመጨረሻ ጃርሶሊ እልካለሁ አለ፤ ሽማግሌዎች ማለቱ ነው። ቀኑ ከመስቀል በኋላ ላለው እሑድ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት እንደ ወጉ ዘር ይጣራል፦ በቤተሰቡ ቁምጥና አለ ወይ፣ እብደት አለ ወይ፣ ጋጋብዶ አለ ወይ። ጋጋብዶ በኦሮምኛ ሲንቄ ብልቃጥ ውስጥ የምትደብቀው በሽታ ስም ነው። የተሬፋ አጎት ኦቦ ሂርጳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለማጣራት ካቺሲ ድረስ በገበያ ቀን ሄደው፣ ከብት ሻጩን ሁሉ ጠይቀው፣ "ዘሯ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው" ብለው ተመለሱ። ጅዳ ወርደው ማጣራት አልቻሉማ! ሲንቄ ይህን ስትሰማ ለአጎትዬው ጭማቂ በነፃ ሰጠች።

ነሐሴ 2015 ላይ የአሶሳ አውቶቡስ ባኮ ላይ አንዲት ሴት አወረደ። አዋጢፍ ትባላለች። ካርቱም በጥይት ስትታመስ በኩርሙክ ድንበር ወጥታ፣ አዲስ አበባ ወዳለችው እህቷ እየሄደች ነበር። መንገድ ላይ ወድቃ ስትንፈራገጥ ተሳፋሪው ሕክምና የሚለውን ሁሉ አደረገላት፤ ማለትም ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። አውቶቡሱ በድኝ ሽታ ታፈነ፣ እሷም አልተሻላትም፣ ሹፌሩም መንገደኛ አለብኝ አለ። ከባኮ ወደ አምቦ በአምቡላንስ ይዟት የመጣው ተሬፋ ነው።

ካርድ ክፍል ቱፋ ተቀምጧል። ቱፋ ለመመሪያ ያለው ፍቅር ሚስቱ ያላገኘችው ዓይነት ነው።

"ቀበሌ?" አለ።

"ካርቱም ነው የመጣችው" አለ ተሬፋ።

"ካርቱም የየትኛው ወረዳ ነው?"

"ሱዳን ነው፣ አንተ ሰውዬ! ጦርነት ያለበት!"

"ጦርነት የሚል ክፍት ቦታ የለውም። ቀበሌ ያልተሞላበት ካርድ አይወጣም።"

ሴትየዋ አግዳሚው ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ስትጀምር ቱፋ ደንግጦ የራሱን ቀበሌ ሞላላት፤ ካርቱም በዚያች ጠዋት ወደ ምዕራብ ሸዋ ዞን ተጠቃለለች። "አስታማሚስ? አስታማሚ የሌለው አልጋ አይዝም።"

"እኔ ነኝ" አለ ተሬፋ፤ ፈረመም።

ሲንቄ የተጠራችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሲባል ከተማው "የጅዳዋን ጥሩ!" አለ። ስትገባ አዋጢፍ ነቅታለች፤ ጠይም፣ ረጅም፣ ድካም እንኳ ያላጠፋው ቁንጅና ያላት ሴት ናት። ሲንቄ በዓረብኛ ሰላም ስትላት ሁለት እጇን ይዛ አለቀሰች። ለሲንቄም ዕንባዋ መጣ። መጥቶም ሊወርድ ሲል ተሬፋ በሌላ በር ብርድ ልብስ ይዞ ገባ። ከሲንቄ ሱቅ የተገዛ አልነበረም፤ ከራሱ አልጋ የመጣ ነው። ዕንባዋ ከመንገድ ተመለሰ።

"አስታማሚዋ ማን ሆነ?" አለችው።

"እኔ።"

"አንተ ለሰው ትፈርማለህ እንዴ? ለእኔ እኮ የስልኬን ሲም እንኳ ፈርምልኝ ብልህ ነገ አልከኝ።"

"ሲም እኮ አይሞትም" አለ ተሬፋ።

በማግስቱ ዘመቻው ተጀመረ። የሱዳን ስደተኛ፣ ከጦርነት ያመለጠች፣ ብቻዋን! እንዲህ ያለ ታማሚ አምቦ ከየት ያገኛል? የየጓዳው ፔርሙስ ተነቃነቀ። ከፊት የተሰለፉት የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን መሪ አዴ ዶርቃስ ናቸው፤ በቡና ቤት ወሬ ሳይሆን በመንፈስ እንደሚመሩ ራሳቸው ይናገራሉ። ገንፎ ይዘው መጡ። ከኋላቸው ተቀናቃኞቻቸው ሩዝ ይዘው መጡ። በሦስተኛው ቀን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ስደተኞች መብት ተወያይተው ብርቱካን ይዘው መጡ። አዴ ዶርቃስ አንድ ኩባያ አጥሚት እየተቀባበሉ ከአዋጢፍ ጋር ይጠጣሉ፤ እጃቸውን ግንባሯ ላይ ጭነው "የመድፍ ድንጋጤ ነው! ጦርነት ያመጣው መንፈስ ነው! ውጣ!" ይላሉ። ይህን ሁሉ ማን ያስተረጉማል? ሲንቄ።

"ምን ይላሉ?" ትላለች አዋጢፍ።

"እንወድሻለን ይላሉ" ትላታለች ሲንቄ፤ ጥርሷን እንደነከሰች።

ጭማቂው ከራስጌ አልፎ ወለል ላይ ተደረደረ። ጭማቂው የተሸጠው ከሲንቄ ሱቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ገበያ አይታ አታውቅም። ደስታ ግን የለም። እያንዳንዱን ካርቶን ስትሸጥ ያ ኮሪደር ትዝ ይላታል፤ "እኔስ?" ትላለች ለራሷ። እሷም እኮ ስደተኛ ነበረች፤ እሷም ብቻዋን ወድቃለች። የጅዳ ሰፊ ሕዝብ የት ነበር? እሺ፣ ጅዳስ ጅዳ ነው። አምቦስ? ከአውሮፕላን ወርዳ ስትመጣ ከተማው ያላት "ወርቅ ይዘሽ መጣሽ ወይ?" ነው።

አራተኛው ቀን ላይ ተሬፋ ከባኮ ሲመለስ ማንጎ ይዞ መጣ። ማንጎው በስስ ፌስታል ነው፤ ከሲንቄ ሱቅ ፊት አልፎ ገባ። ሲወጣ ባዶ ፌስታል ይዟል።

"ለአስተርጓሚ ማንጎ አይገባም?" አለችው።

"አንቺ ማንጎ አልወድም ብለሽኝ አልነበር?"

"ማንጎውን ማን ጠየቀህ!"

ተሬፋ ሞተሩ ጠፋበት፤ ባዶውን ፌስታል አጣጠፈ። "እንግዳ ናት እኮ፣ ሲንቄ" አለ በመጨረሻ።

"ቆንጆ እንግዳ ናት በል።"

"ቆንጆ መሆኗን አላስተዋልኩም።"

"ውሸታም! እኔ ሴት ሆኜ እንኳ አስተውያለሁ!"

አምስተኛው ቀን ላይ ዶክተር ሲሞን ለምርመራ ሲመጣ አርፍዶ ስለነበር ጠያቂው ሞልቶ ነው የደረሰው። ከሐዋሳ የመጣ ወጣት ነው፤ ጨዋ ስለሆነ አዴ ዶርቃስን ውጡ ለማለት ይፈራል። "ከዚህ በፊት ጥሏት ያውቃል ወይ? መድኃኒት ትወስድ ነበር ወይ? ጠይቂልኝ" አላት ሲንቄን።

አዋጢፍ ዙሪያዋን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት፦ ከልጅነቷ ጀምሮ አለባት። ካርቱም ሳለች በየቀኑ ክኒን ትወስድ ነበር፤ ድንበር ላይ አለቀባት፤ ለዚህ ነው የተነሳባት። "ግን ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ለሐኪሙ ብቻ ንገሪው። ሰዎቹ ይውጡና። እኛ አገር ይህን ሲሰሙ ሰው ይሸሻል።"

ሲንቄ ሰማች። ከሷ የበለጠ ይህ ዓረፍተ ነገር የሚገባው ሰው ከዚህ እስከ ካርቱም አይገኝም። ወደ በሩ ስታይ ተሬፋ ቆሟል፣ ፌስታል ይዟል፤ ዛሬ ደግሞ ሙዝ ነው።

"ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት!" አለች፣ መንገድ ማዶ ያለ ደንበኛ እንደምትጠራ ጮክ ብላ። ማንም እንዳያመልጠው በኦሮምኛም ደገመችው። "ጋጋብዶ ነው! የመድፍ አይደለም!"

ውሸት አልተናገረችም፤ ሐኪሙም ያስፈለገው ይኸው ነው። ነገር ግን እውነትን እንደ ድንጋይ መወርወር የሚቻል መሆኑን የዚያን ቀን አምቦ አየ።

የአዴ ዶርቃስ ኩባያ ከከንፈራቸው አንድ ስንዝር ርቆ አየር ላይ ቀረ፤ አሁን አዋጢፍ ጠጥታበት የሰጠቻቸው ኩባያ ነው። ሲንቄ ጠበቀች። ፌስታሎቹ ሲነሱ፣ ቀሚሶቹ ሲሰበሰቡ፣ በሩ ሲጨናነቅ ለማየት ጠበቀች።

አዴ ዶርቃስ ኩባያውን ጨለጡት።

"ኬሱማ ናት!" አሉ አፋቸውን ጠርገው። "እንግዳ ናት! ምን ታድርግ? በሽታዋን ከአገሯ ይዛ መጣች፣ ይዛው ትሄዳለች። ጨምሩላት እንጂ አጥሚቱን!"

ዶክተር ሲሞንም ይህ በጥይት ድንጋጤ ሳይሆን በጭንቅላት ሕመም የሚመጣ መሆኑን፣ በትንፋሽም በምራቅም እንደማይተላለፍ፣ ሲጥላት በጎን ማስተኛት እንጂ ክብሪት መጫር ምንም እንደማይሠራ አስረዳ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ የአምቦ ሰው ራስ መነቅነቅ ይችላል። ተሬፋ ደግሞ ሙዙን እያስቀመጠ "መድኃኒት ካለው ታዲያ ምን ችግር አለ?" አለ።

ሲንቄ ሱቋ ገብታ ቁጭ አለች። ምን ችግር አለ! ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ብልቃጥ ውስጥ ስትደበቅ ኖራለች፤ ቃሉ ግን የተባለው ለሌላ ሴት ነው። እንዲያው ልቧ ውስጥ ሁለት ነገር ተፋጠጠ፤ አንደኛው "እንግዲያውማ እኔም ልናገር" ይላል፣ ሌላኛው "ለእሷ አምስት ቀን በቂ ሆኖ፣ እኔ አምስት ዓመት ለምን ተደበቅሁ?" ይላል። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው።

ዶክተሩ የጻፈው ክኒን የሲንቄ ክኒን ሆኖ ተገኘ። ችግሩ፣ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ከወር በፊት ጨርሶታል። ተሬፋ በዕረፍት ሰዓቱ ጉደር ሄደ፣ ጊንጪ ሄደ፤ "የለም" ይዞ ተመለሰ። መርፌ እየተሰጣት ነው፤ መርፌው ግን የሚያዘልቅ አይደለም። ሲንቄ ይህን ሁሉ ታስተረጉማለች። ከሳሙናው መደርደሪያ ጀርባ ገና የተሞላ ብልቃጥ አለ።

በክኒኔ ደግሞ! አለች ለራሷ። ብርድ ልብሱን ወሰደች፣ ማንጎውን በላች፣ ጸሎቱን ወሰደች፤ አሁን ክኒኔን? አንድ ቀን ሙሉ ብልቃጡን አልሰጠችም። በዚያች ቀን የሸጠቻቸውን ፔርሙሶች ሁሉ ያለ ጨዋታ ሸጠች፤ ደንበኞቿ አሟት ይሆን ወይ አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አዋጢፍ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ልትሞቅ ወጣች። ሲንቄ ከሱቋ ታያታለች። ሴትየዋ እጇን አንስታ ሰላም አለቻት፤ ያንን ሁሉ በአደባባይ ካወጀችባት በኋላ! እጇ ግን ወደ ታች አልተመለሰም። ደረቀ። ከዚያ ሙሉ ቁመቷን ሲሚንቶው ላይ ወደቀች፤ የጭንቅላቷ ድምፅ እስከ ሱቁ ተሰማ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። ያን ቀን ራሱን የነቀነቀው ሕዝብ ክብ ሠርቶ ቆመ፤ ቱፋ ከካርድ ክፍል ሮጦ ወጥቶ ክብሪት ጫረ።

ሲንቄ በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰበች አልተናገረችም። የታየው ይህ ነው፦ ሱቁን ክፍት ትታ መንገዱን አቋርጣ ሮጠች፣ የቱፋን እጅ በጥፊ መታች፣ ክብሪቱ ኩሬ ውስጥ ገባ። አዋጢፍን በጎኗ አስተኛቻት፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገች፣ እስክትረጋጋ ድረስ ፀጉሯን ስትዳብሳት ቆየች። እናት ልጇን እንደምትዳብሰው ነበር፤ ጅዳ ላይ ከኮሪደር አይታው የቀናችበትን እጅ ሳታስበው በራሷ እጅ አደረገችው። ዶክተር ሲሞን ደርሶ ግንባሯ ላይ የተሰነጠቀውን ሲያይ፣ ሲንቄ ተነስታ ወደ ሱቋ ሄደች። ብልቃጡን ይዛ ተመለሰች።

ዶክተሩ ክዳኑን ከፍቶ አየ፣ ውስጥ ያለውን ማሸጊያ አገላብጦ አነበበ። "ራሱ ነው! ከየት አገኘሽው?"

አዴ ዶርቃስ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። "ጌታ ላከው! አላልኩም? ትናንት በጸሎት ላይ አይቼዋለሁ፣ ነጭ ነገር ነው፣ ትንሽ ነገር ነው! ጌታ ራሱ ላከላት!"

ሲንቄ እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። የአንዲት ደንበኛ ነው ብትል ያልፍ ነበር፤ እሑዷም ጃርሶሊዋም እንደተጠበቁ ይቆዩ ነበር። ነገር ግን ሁሉን ነገር አዋጢፍ ወስዳ፣ የቀረውን ደግሞ አዴ ዶርቃስ ሊወስዱ? ይህን ቅናቷ አልፈቀደም።

"ጌታ አይደለም!" አለች። "እኔ ነኝ! የእኔ ነው! እኔ የምውጠው ነው፣ ከጅዳ ጀምሮ! እኔንም ይጥለኛል!"

እጅጌዋን ሰብስባ የካውያውን ጠባሳ አሳየች።

አዴ ዶርቃስ አጠገቧ ነበሩ፤ አሁን ሁለት እርምጃ ርቀዋል፤ መቼ እንደሄዱ ያየ የለም። ባለፈው ወር ከሲንቄ ኩባያ ሻይ የጠጡበትን አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አዴ" አለች ሲንቄ፣ "ከእሷ ጋር አጥሚት ትጠጡ የለ?"

"እሷ እንግዳ ናት፣ ልጄ። ነገ ትሄዳለች" አሉ አዴ ዶርቃስ፣ ለስለስ ብለው። "አንቺ ግን የእኛው ነሽ።"

በዚህ ከተማ ከዚህ የሚያስፈራ የፍቅር ቃል ተነግሮ አያውቅም።

ተሬፋ ክቡ ዳር ነበር። ሰማ፣ አየ፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም አልተነበበም፤ ዶክተሩ "አንሳት" ሲለው አዋጢፍን አንስቶ ገባ።

ወሬው ከምሳ በፊት ጉደርን አለፈ። ኦቦ ሂርጳ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ድረስ መጡ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም፣ ከመንገዱ ላይ ሆነው ተናገሩ። "ካቺሲ ድረስ አስለፋሽኝ!" አሉ፣ እንደ ተጭበረበረ ከብት ገዢ። "እኔ ጃርሳ ሆኜ ሽምግልና አልሄድም። ለተሬፋም ነግሬዋለሁ።" ሲንቄ "የጠጡትን ጭማቂ ይመልሱልኝ ታዲያ" አለቻቸው። ሽማግሌው ሆዳቸውን ያዙ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአማት ፔርሙስ ገዢዎች ከታች በኩል ካለው ሱቅ ሲገዙ ታዩ። ያው ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ፔርሙስ ነው፤ ያኛው ግን አይጥልም መሰላቸው።

ክኒኑ አዋጢፍን ያዘላት። ሳይጥላት ሰነበተች፤ እህቷም በስልክ ተገኘች፤ ዶክተር ሲሞን ጭንቅላቷ በመሣሪያ እንዲታይ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈላት። ለሲንቄም እንዲሁ ጻፈ፤ ብልቃጡን ለሁለት ስለተካፈሉት ሊያልቅ ነውና። "አንቺም ታካሚ ነሽ፤ ስታስተረጉሚ ረሳሁት" አላት። በስሟ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ተቀብላ ካርድ ክፍል ሄዳ ቱፋን "ቀበሌዬን በትክክል ጻፍ፣ እኔ ካርቱም አይደለሁም" አለችው።

የጉዞው ጠዋት ጠያቂው ሁሉ ለአዋጢፍ ሽኝት ወጣ። እቅፍ፣ መሳም፣ የተጠቀለለ ዳቦ፣ ዕንባ። ሲንቄን ማንም አላቀፈም። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ አምቡላንሱ ውስጥ ገባች፤ ከአልጋው ጎን ባለችው መቀመጫ ተቀመጠች። አዋጢፍ ከተሰጣት ዳቦ ቆርሳ አጎረሰቻት። "ያን ቀን ለሁሉም የተናገርሽብኝ ለምን ነበር?" አለቻት በዓረብኛ፣ ያለ ቁጣ።

"ቀንቼብሽ ነው" አለች ሲንቄ።

"በእኔ? በምኔ?"

ሲንቄ መቁጠር ጀምራ ከማንጎው ላይ ስትደርስ ሁለቱም ሳቁ። አዋጢፍ ማንጎ እንደማትወድ፣ ሁሉንም ለጎን አልጋ ታማሚ እንደሰጠችው ነገረቻት። ይህ ሲንቄን ከምንም በላይ አበሸቃት፤ አንድ ማንጎ እንኳ አልደረሳትማ!

ጊንጪ ሊደርሱ ሲሉ መንገዱን ከብት ዘጋው። ተሬፋ ቆመ። በሹፌሩና በታካሚው መካከል ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፈተ፤ ፊቱን ግን ወደ ከብቱ እንዳዞረ ነው።

"አጎቴ ጃርሳ አልሆንም ብለዋል።"

"ነግረውኛል። ከመንገድ ላይ።"

"የእሳቸው ነገር የእሳቸው ነው።" ከብቱ አላለቀም። "ሲንቄ።"

"አቤት።"

"ሲጥልሽ በየት ጎን ነው የማስተኛሽ?"

"ለምን ጠየቅህ?"

"ልወቀው ብዬ ነዋ። ቤት ውስጥ ብቻችንን ብንሆን፣ ማንን እጠይቃለሁ?"

"በግራ" አለች። "ክብሪት ብታመጣ ግን እጅህን ነው የምሰብርልህ።"

"እሷንስ? እሷም በግራ ነው?"

"እሷን ተዋት! ለእሷ እኔ አለሁ!"

መንገዱ ተከፈተ። አዋጢፍ ቀና ብላ አንዴ መስኮቷን፣ አንዴ ሲንቄን አየች። "ምን አለሽ?" አለቻት።

ሲንቄ ስንት ቀን የሰው ቃል ሁሉ እየተቀበለች ስታቀብላት ነበር። ይህችን ግን አላቀበለችም።

"ስለ መንገዱ ነው" አለቻት። "ከብት በዛ ይላል።"